ቡችላውን ለምን እኛ እንደምንመርጥላችሁ

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከርማችኋል? ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ቀብድ ከፍላችሁ ተራ ለምትጠብቁ፣ ከእኛ የላብራዶር ዝርያ ቡችላ ወስዳችሁ ለምታሳድጉ፣ ገና እያሰባችሁበት ላላችሁም ነው። ከሚቀጥለው ወሊድ ጀምሮ አንድ ነገር ይቀየራል። እስካሁን ቀድሞ ቀብድ ያስያዘ ቀድሞ ይመርጥ ነበር። ከአሁን በኋላ የትኛው ቡችላ ወደየትኛው ቤት እንደሚሄድ የምንወስነው እኛ ነን። የምንወስነውም ቡችሎቹ ሰባት ሳምንት ሞልቷቸው ስምንተኛውን ሲጀምሩ ነው።

ይህን ስንናገር ቅር ያላቸው ደንበኞች አሉ። አይገርመንም። ገንዘቡን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ። ከውሻው ጋር አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት የምትኖሩትም እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምክንያታችንን በደንብ ልናስረዳችሁ ይገባል።

ከእኛ ላብራዶር የሚወስዱ ቤተሰቦች ፍላጎት ሁለት ዓይነት ሆኗል። አንዱ ለልጆቹ ጓደኛ፣ ለቤቱ ድምቀት የሚሆን ውሻ ይፈልጋል። ሌላው ኦቲዝም ላለበት ልጁ፣ በዊልቸር ለምትንቀሳቀስ እናቱ ወይም ስኳሩ በድንገት ለሚወርድበት ወንድሙ ውሻ ማሠልጠን ይፈልጋል። ሁለቱም የሚወስዱት ከአንድ እናት ልጆች ነው። ለአንዱ ቤት የሚመቸው ቡችላ ለሌላው ጭራሽ ላይሆን ይችላል።

ልታዩአቸው ስትመጡ አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምታዩት ቀለም ነው። «ቢጫዋን ያዙልኝ» የሚል ሰው ገና ጫማውን ሳያወልቅ ነው የሚናገረው። ላብራዶር ጥቁር፣ ቢጫ ወይም ቸኮሌት ነው። ሦስቱም ከአንድ እናት በአንድ ሌሊት ሊወለዱ ይችላሉ። የዓይን ምርጫ ያለ ነው፤ ግን ቀለሙን አይቶ የትኛው ቡችላ በሱፐርማርኬት ጫጫታ መሃል ረግቶ እንደሚተኛ ማወቅ አይቻልም። ሌላው ሰው ደግሞ «ሮጦ እኔ ጋ የመጣው እሱ ነው፣ እሱ ራሱ መረጠኝ» ይላል። ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን ሌሎቹ ጠግበው ተኝተው እሱ ብቻ ገና የነቃ ሊሆን ይችላል። ወይም ከሁሉም ጉልበተኛው እሱ ነው። እንዲህ ያለው ቡችላ ጉልበታቸው የደከመ አያት ያሉበት ቤት ቢገባ፣ በስድስት ወሩ ጎትቶ ይጥላቸዋል። ይህን በአንድ ሰዓት ጉብኝት መለየት ከባድ ነው። እኛ ደግሞ አብረናቸው ውለን አብረናቸው ነው የምናድረው።

ቡችሎች እናታቸው ሆድ ውስጥ 63 ቀን ገደማ ይቆያሉ። ሲወለዱ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ዝግ ነው። ዓይናቸው በሁለተኛው ሳምንት ይከፈታል፤ ጆሯቸው ትንሽ ቆይቶ ይከተላል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ ሁለተኛውና አሥራ አራተኛው ድረስ ያለው ጊዜ ትልቁ ጊዜ ነው። በእነዚህ ሳምንታት ያዩትን፣ የሰሙትንና የረገጡትን ሁሉ እንደ ተራ ነገር ይለምዱታል። ያኔ ያላወቁት ነገር ግን ካደጉ በኋላ በቀላሉ ያስፈራቸዋል። ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በአሜሪካዋ ሜይን ግዛት ባር ሃርበር ከተማ ውስጥ ለዓመታት ቡችሎች እያሳደጉ ይህንን አጥንተው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመዋል። ዛሬ ቡችላ በደንብ የሚያሳድግ ሁሉ የሚሠራው እነሱ ባሳዩት መንገድ ነው።

ቤታችን ስትመጡ ጫጫታ የሚበዛው ለዚህ ነው። ቡችሎቹ ምንጣፍ፣ ሴራሚክ፣ የብረት ፍርግርግና እርጥብ ሣር ላይ ይሄዳሉ። ቫኪዩም ይሰማሉ፣ የሕፃን ልቅሶ ይሰማሉ። ጢም ያለው ሰው፣ ኮፍያ ያጠለቀ፣ ነጠላ የተከናነበች እናት፣ ምርኩዝ የያዙ አባት ያያሉ። ባዶ ዊልቸር መሃላቸው እናቆማለን፤ መጀመሪያ ጎማውን ያሸታሉ፣ ቆይተው ሥሩ ይተኛሉ። ቡና ስንቆላና ዕጣን ስናጨስ በሩን ከፈት አድርገን ራቅ እናደርጋቸዋለን። ሽታውን ይልመዱት እንጂ አፍንጫቸው ከእኛ እጅግ የበለጠ ስለሆነ ጭሱ ሥር መሆን የለባቸውም። ክትባታቸው ሳያልቅ ውሻ የሚበዛበት መናፈሻ መሬት ላይ አናወርዳቸውም፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ቡችላን በቀናት ውስጥ ይገድላል። ስለዚህ ታቅፈን እናዞራቸዋለን። እናንተም ከወሰዳችሁ በኋላ ይህንኑ ቀጥሉ።

ከምናደርጋቸው ሙከራዎች አንዱን ልንገራችሁ። ራቅ ብለን የድስት ክዳን ሲሚንቶ ላይ እንጥላለን። ሁሉም ይደነግጣሉ። መደንገጥ ጥፋት አይደለም። እኛ የምናየው ከድንጋጤው በኋላ ያለውን ነው። አንዱ ሮጦ እናቱ ሆድ ሥር ይገባና ምግብ እስኪመጣ አይወጣም። አንዱ እየዘለለ ይመጣና ክዳኑን ነክሶ ሊጎትተው ይታገላል። ሌላው ደግሞ ባለበት ዝቅ ይላል፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል። ትንሽ ይጠብቃል። ከዚያ አንገቱን አስረዝሞ ቀስ እያለ ይጠጋል፣ ክዳኑን ያሸታል፣ አንድ ጊዜ ይልሰዋል፣ ዞሮ የኛን ፊት ያያል። ለሥልጠና የምናጨው ይህንን ሦስተኛውን ነው። ደንግጦ ራሱን ያረጋጋል፤ ግራ ሲገባው ደግሞ ወደ ሰው ያያል። ሁለተኛው መሮጥና መዋኘት ለሚወዱ ልጆች ምን የመሰለ ጓደኛ ይሆናል። የመጀመሪያውም ጸጥ ያለ ቤትና ታጋሽ ሰው ካገኘ የሚወደድ ውሻ ነው የሚወጣው። ይህን ደግሞ አንድ ቀን ብቻ አናደርገውም፤ ቡችላ እንደ ሕፃን ቀኑ ይለያያል።

«ለመሆኑ ለምን ላብራዶር?» ብላችሁ ለምትጠይቁን፣ ነገሩ የቆየ ታሪክ አለው። የዘራቸው አባቶች የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ዓሣ አጥማጆች ውሾች ናቸው። መረብ ይጎትቱ ነበር፣ ከመንጠቆ ያመለጠ ዓሣም እየዋኙ ይይዙ ነበር። እንግሊዝ አገር ከተወሰዱ በኋላ የታደነ ወፍ ሳያደሙ እንዲያመጡ ተደርገው ተዳቀሉ። የውሻ ዝርያ የሚመዘግበው የእንግሊዙ ኬኔል ክለብ እ.ኤ.አ. በ1903፣ የአሜሪካው በ1917 እንደ ራሱን የቻለ ዝርያ መዘገባቸው። ወፉን ሳይነክስ የሚያመጣው ያ ለስላሳ አፍ ዛሬ የወደቀ ቁልፍ፣ ስልክ ወይም የመድኃኒት ዕቃ አንሥቶ ለባለቤቱ ይሰጣል። ከሰው ጋር ተባብሮ መሥራት ደማቸው ውስጥ ያለ ነው።

ምግብ መውደዳቸውም ለሥልጠና ይረዳል። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳወቁት፣ ከላብራዶሮች ሩብ ያህሉ ጥጋብን በሚቆጣጠር አንድ ዘረ መል ላይ ጉድለት አለባቸው። ከመረመሯቸው የአገልግሎት ውሾች፣ ማለትም አካል ጉዳት ወይም ሕመም ያለበትን ሰው ለመርዳት ከሠለጠኑ ላብራዶሮች መካከል ግን ጉድለቱ የተገኘባቸው 76 በመቶ ነበሩ። ለትንሽ ቁራሽ ብሎ የሚሠራ ውሻ ቶሎ ይማራል ማለት ነው። ጣጣው ደግሞ እሱም ቶሎ መወፈሩ ነው።

እዚህ ላይ አደራ አለን። አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ዕድሜ ልካቸውን ተከታትሏል። ወንድም ከወንድም፣ እኅት ከእኅት ጋር ተጣምረው አንደኛው ከሌላው ምግብ ሩብ ያህል ተቀንሶ ይሰጠው ነበር። የተቀነሰላቸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ የቀረውን ያህል ረዝመው ኖሩ፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። የእኛ ሰው ፍቅሩን የሚገልጸው በማጉረስ ነው። እንግዳ መጥቶ ለውሻው አንድ ጉርሻ፣ አያት አንድ ጉርሻ፣ ልጅ ከጠረጴዛ ሥር አንድ ጉርሻ። እባካችሁ ይህን አስቁሙ። ወጣችን ደግሞ በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ነው፤ ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ወጥ የነካ እንጀራ አይሰጠው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ዘቢብ፣ ቸኮሌትና ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ያለበት ማስቲካ ከእሱ ይራቅ። ማጉረስ ካማራችሁ ካሮት ቆራርጣችሁ ስጡት፤ ከዕለት ምግቡም ቀንሱለት።

አሁን በጣም ወደምንጠየቅበት ጉዳይ እንምጣ። እኛ የአገልግሎት ውሻ አንሸጥም። የስምንት ሳምንት ቡችላ የአገልግሎት ውሻ ሊሆን አይችልም፤ እጩ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት ሥልጠና አለ። መጀመሪያ የቤት ሥርዓት፣ ቀጥሎ ሰው በሚበዛበት ቦታ መረጋጋት፣ በመጨረሻ ደግሞ ለሰውየው ሕመም የሚያስፈልገው ሥራ። ዓይነ ስውርን የሚመራ ውሻ «ሂድ» ሲባል መኪና ከመጣ አለመታዘዝን ሳይቀር ይማራል። ዕድሜ ልካቸውን ይህን የሠሩ ትልልቅ ማሠልጠኛዎች ጋ እንኳ ከእጩዎቹ ግማሽ ያህሉ አያልፉም። አንዱ ሽኮኮ ባየ ቁጥር ልቡ ይሄዳል፣ አንዱ ዳሌው ላይ ችግር ይገኝበታል፣ አንዱ ሥራውን አይወደውም። እነዚህ የተበላሹ ውሾች አይደሉም። ለቤተሰብ የሚመኙት ዓይነት ውሾች ናቸው። እናንተም ቡችላውን ስትወስዱ ይህ ሊሆን እንደሚችል አውቃችሁ፣ ባያልፍም እንወደዋለን ብላችሁ ውሰዱት።

ኢንተርኔት ላይ የምስክር ወረቀትና መታወቂያ የሚሸጡ አሉ። ገንዘባችሁን አትስጧቸው። አሜሪካ ውስጥ የአገልግሎት ውሻን የሚመዘግብ የመንግሥት መዝገብ የለም፤ የአካል ጉዳተኞች ሕግም ወረቀት አይጠይቅም፣ ሰደርያም አያስገድድም። ሕጉ የሚለው ውሻው ከሰውየው ጉዳት ጋር የተያያዘ የተለየ ሥራ የሠለጠነ ይሁን ነው። አብሮ በመሆኑ ብቻ የሚያጽናና ውሻ በዚህ ሕግ የአገልግሎት ውሻ አይባልም። በሥልጠና ላይ ያለ ቡችላ የት መግባት እንደሚችል ደግሞ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ የምትኖሩበትን ግዛት ሕግ እዩ።

ከደንበኞቻችን ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ታክሲና ኡበር የምትነዱም ስላላችሁ ይህን እንጨምር። የአገልግሎት ውሻ የያዘ ሰው ሲመጣ መጠየቅ የምትችሉት ሁለት ነገር ነው፦ ውሻው በጉዳት ምክንያት የሚያስፈልግ ነው ወይ? ምን ሥራ ለመሥራት ሠለጠነ? ስለ ሕመሙ አትጠይቁም፣ ወረቀትም አታስመጡም፣ ተጨማሪ ገንዘብም አታስከፍሉም። ፀጉሩ መኪናዬን ያቆሽሻል ብሎ አለመጫን ሾፌሩን ሥራውን ሊያሳጣው ይችላል። ውሻው ከቁጥጥር ከወጣ ወይም ቤት ውስጥ ከተጸዳዳ ግን ይውጣ ማለት ትችላላችሁ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድን በተመለከተ፣ የእምነት ተቋማት ከዚህ የሕጉ ክፍል ነፃ ናቸው። ስለዚህ ውሻውን ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት አባቶችን ወይም ኢማሙን አነጋግሩ። ውሻው ለልጁ ምን እንደሚሠራ ረጋ ብሎ ማስረዳት በር ላይ ከመከራከር ይሻላል።

ስለ ጤና ከእኛ መጠየቅ ያለባችሁን እንንገራችሁ፤ ሌላ ቦታ ብትገዙም ያው ነው። የእናትና የአባቱን የዳሌና የክርን ራጅ ውጤት አሳዩኝ በሉ። የዳሌ የመጨረሻ ውጤት የሚሰጠው ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ነው፤ ስለዚህ የአንድ ዓመት ውሻ የሚያስወልድ ሰው ይህ ውጤት በእጁ የለም። የዓይን ሐኪም ምርመራቸው በየዓመቱ የታደሰ ይሁን። የዘረ መል ምርመራም አለ፤ ቀስ በቀስ የሚያሳውረውን በሽታና ውሻው ጠንክሮ ሲሮጥ የኋላ እግሩ የሚልፈሰፈስበትን ችግር ይለያል። ሁለቱም የሚወረሱት ከእናትም ከአባትም ሲመጡ ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ነፃ ከሆነ ልጆቹ አይታመሙም። ወረቀቶቹ ሁሉ እኛ ጋ አሉ፤ ስትመጡ ጠረጴዛ ላይ ታገኟቸዋላችሁ።

አሁን ከእናንተ የምንፈልገው ይህ ነው። የምንልክላችሁን ቅጽ በደንብ ሙሉ። ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ ቀን ቀን ማን እንደሚውል፣ አፓርታማ ይሁን ግቢ ያለው ቤት፣ ውሻ የሚፈራ ሰው እንዳለ ጻፉ። እናታችሁ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱን ካልወደዱት ያንንም ጻፉ። ቀድመን ካወቅን ብዙውን ነገር መላ እናገኝለታለን። የቀለም ምርጫችሁንም ጻፉ፤ ጠባዩ ለእናንተ የሚሆን ሁለት ቡችላ ካለ የምትፈልጉትን ቀለም እንሰጣችኋለን። ትእዛዝ በአማርኛ ልታስተምሩት ካሰባችሁም ጥሩ ነው፤ የቤቱ ሰው ሁሉ ግን አንድ ዓይነት ቃል ይጠቀም።

በሰባተኛው ሳምንት መጨረሻ ደውለን የመረጥንላችሁን ቡችላ ከነምክንያቱ እንነግራችኋለን። መጥታችሁ ታዩታላችሁ። ካልተስማማችሁ ቀብዳችሁ ሙሉውን ይመለሳል፤ ወይም ተራችሁ ሳይነካ ለሚቀጥለው ወሊድ ይተላለፋል። ከወሰዳችሁ በኋላ ደግሞ በማንኛውም ዕድሜ ልታኖሩት ካልቻላችሁ ለሌላ ሰው አትስጡት፣ መጠለያም አትውሰዱት። ወደ እኛ መልሱት፤ ይህ ውሉ ላይም ተጽፏል።

ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት መነጋገር የምትፈልጉ ካላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደውሉ። በሌላው ቀን ቡችሎቹ ጋ ስለምንሆን ስልኩን ቶሎ ላናነሳው እንችላለን፤ መልእክት ከተዋችሁልን ማታውኑ እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የላብራዶር ቡችሎች አሳዳጊ ቤተሰብ
ቨርጂኒያ