ብርቱካኑ መጨረሻ ላይ ይገባል

ሱሉልታ፣ ታህሳስ 4

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ብርዱ ግን ዘንድሮ አይጣል ነው። ጠዋት በር ስከፍት ሜዳው ነጭ ሆኖ ይጠብቀኛል። የጎረቤትን የድንች ቅጠል ውርጭ አጥቁሮታል። ብርድ የማያውቁት ሯጮቹ ብቻ ናቸው፤ ገና ፀሐይ ሳትወጣ አስፋልቱን ይዘው ሲያልፉ አያቸዋለሁ። እኔ ጋቢዬን ደርቤ ምድጃው ጋ ነኝ።

ባለፈው በቴሌግራም የላክሽውን ድምፅ ከእናትሽ ጋር ደጋግመን ሰማነው። እዚህ ስቶክሆልም የሥራ ባልደረቦቼ ግሉግ የሚባለውን ትኩስ የወይን መጠጣቸውን ጋበዙኝ፣ ሽታው የቤታችን ሻይ ሆነብኝ ብለሻል። ምን ይገርማል! ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብልና የመራራ ብርቱካን ልጣጭ የሚገባበት ከሆነ፣ ወይኑን ካነሳሽለት እኮ የእኛው ነው። ከዚያ ደግሞ «አባዬ፣ አንተ በብርድ ጊዜ የምታፈላት የብርቱካን ነገር እንዴት ነበር የምትሠራው?» አልሽ። በድምፅ ልመልስልሽ አስቤ ተውኩት። እጅሽ ሎሚ ነክቶ ስልክ ልትነካኪ ነው? ወረቀት ይሻላል፤ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፊው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቅመሙ ይፈላል፤ ብርቱካኑ አይፈላም። ማሩም አይፈላም። ይህን ከያዝሽ ሌላው እንደ እጅሽ ነው።

ብዙ ሰው ሁሉንም ባንድ ድስት ከቶ ያንተከትከዋል። ቤቱ ደስ ይላል፤ ደጅ ድረስ ይሸታል። ስኒው ላይ ስትደርሺ ግን የብርቱካኑ ጠረን የለም። ቤቱን ሲያሸት የቆየው እሱ ነዋ! የብርቱካን ሽታ ያለው ልጣጩ ላይ ባለው ዘይት ነው፤ እሱም በእንፋሎት ቶሎ ይበራል። ጭማቂውም ሲቀቀል ጣዕሙ ይለወጣል፣ ይመራል፤ ዘርና ነጭ ቆዳ አብሮ ከገባማ አይጠጣም። ቀረፋ በተቃራኒው የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ጊዜና እሳት ካላገኘ ምንም አይሰጥሽም። ሁለቱን እኩል እሳት ላይ ማቆየት አንዱን መበደል ነው።

አሁን ልኩን ልንገርሽ። ለአራት ሰው 1 ሊትር ውሃ ጣጂ። የጣት ርዝመት ያለው ቀረፋ 2 እንጨት፣ ቅርንፉድ 5 ፍሬ፣ ሄል 6 ፍሬ፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። ሄሉን በሙቀጫ ፈንከት አድርጊው እንጂ አታድቅቂው። ዝንጅብሉን እጠቢና ከነልጣጩ ቀጨም አድርጊው። ቅርንፉድ ላይ እጅሽን ያዢ። 5 ያልኩት 5 ነው። ቅርንፉድ የበዛበት ነገር ምላስ ያደነዝዛል፤ የጥርስ ሐኪም ቤት ይሸታል። ቅመም በዱቄት አትግዢ፤ ዱቄት ስኒው ሥር ይዘቅጣል፣ ጉሮሮም ይከረክራል።

ቀረፋ ስትገዪ ደግሞ እይው። ወፍራም፣ ጠንካራ፣ አንድ ጥቅል ብቻ የሆነው ካሲያ የሚባለው ነው፤ እኛም ገበያ የሚበዛው እሱ ነው። ስስ ሆኖ ብዙ ንጣፍ ያለው፣ በጣት የሚሰበረው የስሪ ላንካው ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ጠረኑም ለስለስ ያለ ነው። ለዚህ መጠጥ እኔ የምወደው ካሲያውን ነው፤ ብርቱካን ፊት ቆሞ ይናገራል። ግን ኩማሪን የሚባል ነገር አለበት፤ ሲበዛ ለጉበት ጥሩ አይደለም። እንጨቱን አልፎ አልፎ አፍልቶ መጠጣት ሌላ፣ ዱቄቱን በየቀኑ በማንኪያ መቃም ሌላ። ኢንተርኔት ላይ «ቀረፋ በማንኪያ ብሉ» የሚሉትን አትስሚ።

ስንት ደቂቃ ይፍላ? እዚህ ላይ የእኔና የአንቺ ቤት ይለያያል። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር አካባቢ ነው። ውሃ እዚህ 91 ዲግሪ ግድም ሲደርስ ይፈላል። አንቺ ያለሽበት ስቶክሆልም ባሕር ዳር ነው፤ እዚያ 100 ይደርሳል። እንደ እኔ ያለ ሾፌር ይህን ከራዲያተር ነው የሚማረው። የአባይን በረሃ ወጥተሽ ጎሃ ጽዮን ስትደርሺ ራዲያተሩ የሚንፈቀፈቀው ዳገቱ ሞተሩን ስላጋለው ብቻ አይደለም፤ ከፍታው ራሱ ውሃውን በትንሽ ሙቀት ያፈላዋል። ጅቡቲ ወርደን ሻይ ስናፈላ ደግሞ ቅጠሉ ቶሎ ይጠቁር ነበር። ስለዚህ እኔ ቅመሙን 20 ደቂቃ የማንተከትከውን አንቺ 12 ወይም 15 ላይ ቅመሺው። ውሃው ቀላ ብሎ፣ ዝንጅብሉ ጉሮሮ ላይ መያዝ ከጀመረ በቃው። እሳቱን ቀንሺ፣ ክዳኑን ክደኚ። ክዳን የሌለው ድስት ለጎረቤት ነው የሚሠራው።

ቅመሙ እየፈላ ብርቱካኑን አዘጋጂ። 4 ብርቱካን ይበቃል። እናንተ ጋ ብርቱካን የሚገባው በዚሁ በብርዱ ወራት ከስፔን ነው ብለሽኛል፤ ዕድለኛ ናችሁ። እዚህ ብርቱካን የታመመ መጠየቂያ ሆኗል። ፌስታል ይዞ የገባ ሰው ካየሽ ወይ ሆስፒታል ነው የሚሄደው ወይ አራስ ቤት። እኔ የአዋሽን መስመር በምሠራበት ዘመን ከኑራ ኤራና ከመርቲ እርሻ የወጣ ብርቱካን መንገድ ላይ በጆንያ እንገዛ ነበር። ልጣጩ ላይ አረንጓዴ ነገር ይኖረዋል፤ መልኩን አይተሽ ትንቂዋለሽ፤ ስትቆርጪው ጋቢናው በሙሉ ይሸታል። የመርቲን ማርማላታ አስታወስሽ? ያ ጠረን ነው። አሁን አትክልት ተራም ከፒያሳ ተነስቶ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ከእኛ ሰፈር እዚያ ድረስ ለብርቱካን ብሎ የሚሄድ የለም። አዲሱ ገበያ ታክሲ ስወርድ ካገኘሁ እገዛለሁ፤ ካላገኘሁ በሎሚ እሠራታለሁ።

ልጣጩን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በይ። ሱቅ ያለው ብርቱካን ሰም ይቀባል፤ ሻጋታ መከላከያ መድኃኒትም ይደረግበታል። ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ይሆናል፣ አንብቢው። ለልጣጭ ኦርጋኒክ የሚሉትን አንድ ፍሬ ብቻ ግዢ፣ ለጭማቂው ርካሹ ይበቃል። በሙቅ ውሃ እሺው። ከዚያ በስለታም ቢላ ቢጫውን ላይ ላዩን ላጪ። ነጩን ተዪው፤ መራራነቱ ያለው እሱ ላይ ነው። እሳቱን ካጠፋሽ በኋላ ልጣጩን ጣል አድርጊና 5 ደቂቃ ክደኚው። ከዚያ አጥልዪ። ጭማቂውን በያንዳንዱ ብርጭቆ እኩል አካፍዪ፣ ላዩ ላይ ትኩሱን ቅመም ቅጂበት። ቀዝቃዛው ጭማቂ ከትኩሱ ጋር ሲገናኝ ወዲያው የሚጠጣ ይሆናል፤ ማሩንም ያኔ በማንኪያ ታማስያለሽ። ጭማቂውን ማታ ጨምቀሽ ለጠዋት አታስቀምጪ፤ አንዳንዱ ብርቱካን ሲያድር ይመራል።

ሎሚ ደግሞ ግማሽ ፍሬ። የእኛዋ ትንሿ ሎሚ እዚያ «ላይም» ለሚሉት አረንጓዴ ሎሚ ቅርብ ናት። ትልቁ ቢጫ ለስላሳ ነው፤ እሱ ከሆነ ሙሉውን ጨምቂ።

እናትሽ ጤና አዳም ካልገባበት መጠጥ አይደለም ትላለች። ሁልጊዜ በዚህ እንጨቃጨቃለን። ጤና አዳም ለቡና ይሁን፤ ብርቱካን ላይ ሲገባ ሁለቱም ይጮኻሉ። ደግሞ ለነፍሰ ጡር አይመከርም፤ ቤትሽ የሚመጣውን ሰው ሁሉ አታውቂም። ሦስት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ፈንክተሽ ጨምሪ ማለቷን ግን ተቀብያለሁ። ትክክል ናት። ማታ ከሥራ በርዶሽ ስትገቢ ሞክሪው። ጾሙን ይዘሽ እንደሆነም ወተት የማይፈልግ ነገር ነው።

ጉንፋን ያድናል ወይ ብለሽ ነበር። አያድንም። ደረትሽን ያሞቀዋል፣ ጉሮሮሽን ያለሰልሰዋል፣ ውሃ እንድትጠጪ ያደርግሻል፤ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ብርቱካን መድኃኒትነቱ የተመሰከረለት በሌላ በሽታ ነው። በፈረንጆቹ 1747 ጄምስ ሊንድ የሚባል የመርከብ ሐኪም ድዳቸው የሚደማ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው 12 መርከበኞች ነበሩት። ሁለት ሁለት አድርጎ ከፋፈላቸውና ለየጥንዱ የተለያየ ነገር ሰጠ። ለአንዱ ኮምጣጤ፣ ለአንዱ የባሕር ውሃ፣ ለአንዱ ብርቱካንና ሎሚ። ቀድመው የተነሱት ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ናቸው። ያ በሽታ ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ የሚመጣው ስከርቪ ነው። ጉንፋን ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ ብርቱካን ስለጠጣሽ ብዙም አይሸሽሽም። ቫይታሚኑም ሙቀት አይወድም፤ ጭማቂው መጨረሻ ይግባ የምልሽ ለዚህም ነው። ትኩሳት ከያዘሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ ድስቱን ተዪና ሐኪም ጋ ሂጂ። የጎረቤትሽ ሕፃን ደግሞ ማር የገባበትን አይቅመስ። 1 ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ለትልቅ ሰው ምንም የማያደርግ ተሕዋስ ሊኖርበት ይችላል፣ ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን መርዝ ያመነጫል። አያቶችሽ ይህን አያውቁም ነበር፤ አንቺ ግን ከተጠየቅሽ ተናገሪ።

ለሥራ ልትይዥው ካሰብሽ የቅመሙን ውሃ ብቻ ፔርሙዝ ውስጥ አድርጊ። ብርቱካኑን ቢሮ ሄደሽ ጨምቂበት። የቀረውን የቅመም ውሃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ብታስቀምጪው ለነገ ይሆናል። ባልደረቦችሽንም በተራሽ ጋብዢያቸው። አልኮል የማይጠጣ ሰው መቼም አይጠፋም፤ ግሉግ ሲቀዳ ውሃ ይዞ የሚቀመጠውን አስቢው።

የጎረቤታችን ልጅ ከገና በኋላ ወደዚያው ትበራለች፤ ይህን ደብዳቤና ትንሽ ዕቃ ትይዝልሻለች። ኮረሪማ አስቀምጬልሻለሁ። ሄል እዚያ ሞልቷል፤ ዳቧቸው ውስጥ ሳይቀር ይጨምሩታል አልሽኝ። ኮረሪማ ግን እንደ ሄል በየሱቁ አታገኚም። የጂማን መስመር ስሠራ ከቦንጋ ይዤ እመጣ የነበረው ዓይነት ነው፤ አሁን ያገኘሁት ከአዲሱ ገበያ ነው፣ ግን አሽትቼ ነው የገዛሁት። ከነልጣጩ አቆዪው፤ ከተፈለፈለ ጠረኑ ይሸሻል። ስታፈዪ አንዱን ሰብረሽ ውስጡን ፍሬ ፈንክቺና በሄሉ ፋንታ ጨምሪ። አንድ ይበቃል፣ ኃይለኛ ነው። የደረቀ ጦስኝም አለ፤ ያ ለብቻው የሚፈላ ነው፣ ከዚህ ጋር እንዳትቀላቅዪው።

እናትሽ ሎሚ ካልላክሁ ብላ ነበር። አውሮፓ ትኩስ ፍራፍሬ ያለ ሰርተፍኬት አያስገቡም፤ ልጅቱን ኤርፖርት ላይ ለምን እናስቸግራት ብዬ አስቀረሁት። በርበሬና ሽሮ ጨምራልሻለች። ሌላ የምትፈልጊው ካለ ከገና በፊት ንገሪን፤ ሻንጣው ሳይዘጋ።

አባትሽ