ቀፎ የገባ ንብ እንዳይኮበልል

ውድ ልጄ ማህሌት፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለቱ የንብ መንጋዎች በባህላዊ ቀፏቸው እንዳሉ ከሱሉልታ በኩል በመስከረም መጨረሻ ይደርሱልሻል። እኛ ወደ አራት ኪሎ የምንመለሰው ከዚያ በኋላ ስለሆነ የምትረከቢያቸውም ወደ ዘመናዊው ቀፎ የምታዛውሪያቸውም አንቺ ነሽ። የማዛወሩ ሥራ በአንድ ምሽት ያልቃል፤ ይቆዩ ወይስ ይኮብልሉ የሚለየው ግን በሚቀጥሉት ሦስት ሳምንታት ነው። የሀገራችን ንብ ካልተመቸው ቤቱን ጥሎ ለመሄድ አያመነታም።

መጀመሪያ ቦታውን አዘጋጂ። ሰገነቱ ላይ አታውጫቸው፤ ነፋስ ይመታቸዋል፣ የሲሚንቶው ሙቀትም ያስጨንቃቸዋል። ከጓሮው የጌሾ ተክል ጀርባ የቀፎው በር ወደ ምሥራቅ እንዲያይ አድርጊ። ጌሾው ከሰው ቁመት ስለሚበልጥ ንቦቹ ሲወጡ ወዲያው ወደ ላይ ይነሣሉ እንጂ በጎረቤት ፊት አያልፉም። የማስቀመጫውን አራት እግሮች የተቃጠለ የመኪና ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አቁሚ። አንዲት የሣር ቅጠል እንኳ ቀፎውን ከነካች ጉንዳን እሷን ተሻግሮ ይወጣልና ዙሪያውን አጭጂ። የጓሮውን አምፖል አጥፊ፤ በምሽት የተረበሸ ንብ ብርሃን ተከትሎ ወደ ቤት ይገባል። ውሻውም ታስሮ እዚያ አካባቢ እንዳይቆይ።

ዘመናዊው ቀፎ፣ ዛንደር የሚባለው፣ አሥር ፍሬም (የእንጨት ክፈፍ) ይይዛል። ንቦቹ የማር እንጀራ የሚሠሩበት የታተመው ሰም በፍሬሙ ሽቦ ላይ ተስተካክሎ መለጠፉን አንድ በአንድ እዪ፤ ሰሙ ወደ ጎን ካዘነበለ ንቦቹ ሁለት ፍሬም አጣብቀው ይሠሩና በኋላ ሳይቀደድ አይወጣም። ውስጡን በወይራ አጥኚው፣ ከዚያም ጠጅ ሳር እሺበት። የጠጅ ሳር ሽታ ንቦች እርስ በርስ ለመጠራራት ከሚያወጡት ሽታ ጋር ይቀራረባል።

ሲደርሱ ባህላዊውን ቀፎ አዲሱ በሚቆምበት ማስቀመጫ ላይ አድርገሽ ሦስት ቀን ተያቸው፤ አካባቢውን ይለማመዳሉ። ሁለቱን መንጋ በአንድ ምሽት አታዛውሪ። አንዱ ከተበላሸ እንቁላልና እጭ የምትበደሪው ከሌላው ነውና በመካከላቸው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይኑር።

በማዛወሩ ቀን 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምሪ። ደረቅ ኩበት በማጨሻው ውስጥ አቀጣጥለሽ በበሩ በኩል ሦስት አራት ጊዜ ንፊና ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። ጢሱ ቀዝቃዛና ነጭ ይሁን፤ ትኩስ ጢስ ያስቆጣቸዋል። አሮጌውን ቀፎ ወደ ጎን አንሥተሽ አዲሱን በትክክል እዚያው ቦታ ላይ አስቀምጪ። ከመሸ ቀይ መብራት ተጠቀሚ፤ ንብ ቀይ አታይም።

የአሮጌውን ቀፎ እንጀራዎች ከጫፍ ጀምረሽ በቢላ አንድ በአንድ ቁረጪ። ማር ያለበትን ወዲያው ባልዲ ውስጥ ክደኚው፤ የሚንጠባጠብ ማር ጉንዳንና የሌላ ቀፎ ንብ ይጠራል። ጥቁርና ባዶ የሆነውን አሮጌ እንጀራ ለሰም አስቀሪው፤ ቀፎ ውስጥ ከገባ የሰም ብል ይራባበታል። እጭ ያለበትን እንጀራ በፍሬሙ ልክ ቆርጠሽ በጥጥ ክር እሰሪ። ላይኛው ጎን ወደ ላይ፣ ታችኛው ወደ ታች ይሁን። የእንጀራው ቀዳዳዎች በትንሹ ወደ ላይ ያዘነበሉ ስለሆኑ ከተገለበጠ ንቦቹ ለማፍረስ ይገደዳሉ። እንዲህ ያሉ ሦስት ፍሬሞች መሐል ላይ ይቀመጡ፣ በየጎናቸው አንድ አንድ ሰም ያለው ፍሬም ይጨመር፤ የቀረውን ባዶ ቦታ በጣውላ ጋርጂው። የጥቅምት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ እጭ ደግሞ 35 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ይፈልጋል። አሥሩም ፍሬም በአንድ ጊዜ ከገባ ትንሹ መንጋ ቤቱን ማሞቅ ያቅተዋል።

ንግሥቷን ካየሻት በጣትሽ ሆዷን አትጭመቂ፤ ከሽቦ ወንፊት የተሠራው ማቆያ ውስጥ ራሷ እንድትገባ አድርጊና በእጩ ፍሬሞች መካከል አንጠልጥያት። በሦስተኛው ቀን ክፈቺላት። ካላየሻት የቀሩትን ንቦች በሩ ፊት በተዘረጋ ነጭ አንሶላ ላይ አራግፊያቸው። በሩ ላይ ቆመው ጭራቸውን ቀና አድርገው ክንፋቸውን ካርገበገቡ ንግሥቷ ገብታለች። ግድግዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ከተራወጡ ግን ውጭ ቀርታለች፤ በባህላዊው ቀፎ ጥግ ፈልጊያት።

አንዳንዶች ንግሥቷ እንዳትወጣ በሩ ላይ የንግሥት ማገጃ፣ ማለትም ሠራተኛ ንብ የሚያሳልፍ ንግሥቷን ግን የማያሳልፍ ወንፊት፣ ያደርጋሉ። ይህ የሚሠራው እንቁላል በዓይንሽ ካየሽ ብቻ ነው፣ ያውም ከአምስት ቀን ላልበለጠ ጊዜ። እንቁላልም እጭም ከሌለ ንግሥቷ ከድንጉላ (ከወንዱ ንብ) ጋር ገና ያልተገናኘች ልትሆን ትችላለች፤ ከዘጋሽባት ሳትገናኝ ትቀርና መንጋው ያልቃል።

የቀፎውን በር ወደ ሦስት ሳንቲ ሜትር አጥብቢው። ለአንድ ሳምንት በየማታው ግማሽ ሊትር የስኳር ውሃ ቀፎው ውስጥ ስጪ፦ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ውሃ። ውሃውን አፍልተሽ ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ስኳሩን ጨምሪ፤ ያረረ ስኳር ይጎዳቸዋል። እንዳይሰምጡ ጭራሮ አንሳፊበት። ሽሮና በሶ የሚሰጠው አበባ በጠፋበት ጊዜ ነው፤ አሁን አደይና ሜጭ ስላለ አያስፈልግም። ንጹሕ ውሃም በሰፊ ሳህን ከጠጠር ጋር በአቅራቢያቸው አኑሪ፤ አለዚያ የጎረቤት ቧንቧ ላይ ይሰፍራሉ፣ ጠቡም ከዚያ ይጀምራል።

ንግሥቷን ለመፍታትና የስኳር ውሃ ለመጨመር ካልሆነ በቀር እስከ ስምንተኛው ቀን ፍሬም አታንሺ። በዚህ ላይ አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ገና ያልረጋ ንብ ደጋግሞ ሲከፈትበት ይሸሻል። በሩን ብቻ ተመልከቺ። እግራቸው ላይ የአበባ ብናኝ ጭነው የሚገቡ ከሆነ እጭ እያሳደጉ ነው ማለት ነው፤ እጭ ያለው ንብ ደግሞ በቀላሉ አይሄድም። ብናኝ ካቆመና ንቦቹ ሥራ ፈትተው በር ላይ ከዋሉ ቀድመሽ ክፈቺ። እንቁላል ከሌለ ከሌላው ቀፎ እንቁላልና ገና የተፈለፈለ እጭ ያለበትን አንድ ፍሬም ከንብ አጥርተሽ ስጫቸው። ንግሥት ካጡ ከዚያ ያሳድጋሉ። ንግሥት ከእንቁላል እስከ መውጣት 16 ቀን ይፈጅባታል፤ ተገናኝታ እንቁላል እስክትጥል ከሰጠሻቸው ቀን ጀምሮ አንድ ወር ያህል ታገሺ።

ከተነደፍሽ መንደፊያውን በጥፍርሽ ፍቀሽ አውጪና ቦታውን በጢስ አጥኚው፤ ሽታው ሌሎቹን ይጠራል። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ሳትዘገዪ ሐኪም ቤት ሂጂ።

በስምንተኛው ቀን ንቦቹ እንጀራውን ከፍሬሙ ጋር አጣብቀውት ከሆነ ክሩን ቁረጪ። ዳሩ ላይ ያለው ፍሬም በንብ ሲሸፈን አንድ ጨምሪ። የማር ክፍሉ ከላይ የሚደረበው ከአሥሩ ፍሬም ስምንቱ በንብ ሲሸፈኑ ነው፤ ያን እኛ ስንመለስ አብረን እናያለን።

አባትሽ