አዳማ ላይ ወይን የማያፈራው ስለማይገረዝ ነው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በከተማችን ብዙ ግቢ ወይን ዳሱን ሞልቶ፣ አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይገባና ዘለላ ግን አይታይበትም። ከዚያ «የአዳማ አየር አይስማማውም» ተብሎ ይነቀላል። አየሩማ ይስማማዋል፤ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ባቱ ላይ፣ ወይን በሰፊው ይለማ የለም ወይ? የጎደለው መቀስ ነው።

ብርድ በሚበረታበት አገር ወይን ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፤ ሲነቃ ዐይኖቹ፣ ማለትም ቀንበጥ የሚወጣባቸው እብጠቶች፣ አብረው ይፈነዳሉ። እኛ ጋ የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ ጫፍ ጫፉን ብቻ ይረዝማል፣ የታችኞቹ ዐይኖች እንደታፈኑ ይቀራሉ። ዘለላ ደግሞ የሚወጣው ባለፈው ወቅት ካደገ እንጨት በሚፈነዳ አዲስ ቀንበጥ ላይ ነው። ከአሮጌ ግንድ ፍሬ አይጠበቅም።

መግረዣው ጊዜ ዝናቡ ሲያቆም፣ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ነው። ከዚያ እስከ ለቀማ እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 5 ወር ስለሚፈጅ ፍሬው በደረቅ ወራት ይደርሳል። መጋቢት ላይ የተገረዘው ግን ክረምቱ መሀል ደርሶ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ከመግረዝ ሁለት ሳምንት በፊት ውሃ አቁሙ፤ በመግረዣው ዕለት የቀረውን ቅጠል በእጅ አራግፉ፤ ከዚያ ሥሩን በደንብ አጠጡ። ከተቆረጠው ጫፍ ውሃ ቢንጠባጠብ አትደንግጡ፣ በራሱ ይቆማል።

አቆራረጡ እንዲህ ነው፦ በሽቦው ላይ ከተጋደመው ክንድ (ከግንዱ ግራና ቀኝ ከተዘረጋው ዋና ቅርንጫፍ) የወጣውን፣ እርሳስ የሚያህለውን የዓመቱን ቅርንጫፍ ሁለት ዐይን አስቀርታችሁ፣ ከላይኛው ዐይን አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። በሚቀሩት ጉቶዎች መካከል አንድ ስንዝር ይኑር። ሰው እዚህ ላይ እጁ ያጥራል፤ ከበቀለው አብዛኛው መሄድ አለበት። አንዳንድ ዘር አልባ ዝርያዎች ግን የታችኞቹ ዐይኖቻቸው አያፈሩም፤ ለእነሱ ከ8 እስከ 12 ዐይን ያለው ቅርንጫፍ ትታችሁ በሽቦው ላይ አጋድማችሁ እሰሩት። በአጭሩ ተገርዞ ቀንበጥ ብቻ የሰጠ ወይን ካለ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚህ መንገድ ሞክሩት።

አዲስ ለሚተክል፦ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ የላይ አፈርና በደንብ የበሰበሰ ፍግ። አንድ ቀንበጥ ብቻ አስቀርቶ ከምሰሶው ጋር በጨርቅ ላላ አድርጎ ማሰር፤ የአዳማን ነፋስ ለምታውቁት የማሰሪያው ነገር አይነገራችሁም። ሽቦው ጋ ሲደርስ ጫፉን ቀጥፉት፤ ከሥር የሚወጡት ሁለቱ ቀንበጦች ግራና ቀኝ ክንድ ይሆናሉ። ማንጎ ወይም አቮካዶ ጥላ ሥር አትትከሉ። የሚቀጥለው ምርት ዘለላ ዘንድሮ ዐይኑ ውስጥ ስለሚፀነስ፣ ብርሃን ያላገኘ ዐይን ቅጠል እንጂ ፍሬ አይሰጥም። ዩሪያ ማብዛትም ያው ቅጠል ነው።

ቅጠሉና ጥሬው ፍሬ ላይ ዱቄት የተነሰነሰ ከመሰለ ሻጋታ ነው። መጀመሪያ ዘለላውን የሸፈኑትን ቅጠሎች አንሱ፤ ካልበቃ የሚረጭ ድኝ በመመሪያው መጠን፣ በማለዳ። በቀትር ሙቀት የተረጨ ድኝ ቅጠሉን ያቃጥላል።

ፍሬው መቅላት ወይም መጥራት ሲጀምር ውሃ ቀንሱ፣ ዘለላውንም ከወፍ በመረብ ሸፍኑ። ወይን እንደ ሙዝ አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ከዘለላው የታችኛውን ጫፍ ፍሬ ቅመሱ፤ መጨረሻ የሚጣፍጠው እሱ ነውና እሱ ከጣፈጠ ቁረጡ።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ