ፎቶው ላይ 23 ሰው ቆጠርኩ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፤ ቅዳሜ ገበያ ደርሳ መጣች። ሰላምታው ይኸው ነው፤ አሁን ወደ ቁጣዬ ልግባ።

የላክሽውን ፎቶ ወንድምሽ ትናንት ማታ በስልኩ አሳየኝ። «አምሮባታል አይደል?» እያለ ነው ያሳየኝ። አዎ አምሮብሻል። ፀሐዩ ጠቆር አድርጎሻል እንጂ ፊትሽ ሞላ ብሏል። ከዚያ መነጽሬን አምጣልኝ አልኩትና ምስሉን በሁለት ጣቴ እየለጠጥኩ መቁጠር ጀመርኩ። 23 ሰው። ሁለት የታሰሩ ፍየሎች፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ሦስት ጆንያ። አንቺ ጠርዙ ላይ ተቀምጠሽ እጅሽን ውኃ ውስጥ ነክረሽ ትስቂያለሽ። ከጀልባው ጠርዝ እስከ ውኃው አንድ ስንዝር የለም። ላይፍ ጃኬት የለበሰው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩን የያዘው ባለ ጀልባ።

የሞላ ጀልባ ላይ እንዳትወጪ። ከመሄድሽ በፊትም ብዬሻለሁ። «እሺ አባዬ» ብለሽ ግንባሬን ሳምሽኝ። አንቺ «እሺ አባዬ» ብለሽ እሺ ያልሽበትን ቀን እስቲ አስታውሺኝ።

ከፎቶው ሥር የጻፍሽውንም አነበበልኝ፤ ከኤሊንኪን ወደ ካራባን ደሴት ስትሻገሪ ነው። ካራባን ሲል ክው አልኩ። ወንድምሽ ምን ሆንክ ብሎ ደነገጠ። ያቺ ደሴት ስሟ ከአእምሮዬ ጠፍቶ አያውቅም፤ አንቺ ሴኔጋል ደቡብ ወዳለው ካዛማንስ እሄዳለሁ ያልሽ ዕለት ዝም ያልኩትም ለዚሁ ነበር።

ጆላ የምትባል መርከብ ነበረች። ከካዛማንስ ከተማ ከዚጊንቾር ተነሥታ ወደ ዳካር የምትመላለስ። ሐሙስ፣ መስከረም 16 ቀን 1995 ዓ.ም. እንደ ልማዷ ተነሣች፤ ካራባን ላይ ቆመችና ተጨማሪ ሰው ጫነች። የተሠራችው 600 ለማይሞላ ሰው ነው፤ የያዘችው ግን ከ1,900 ይበልጣል። ሌሊት ጋምቢያ አቅራቢያ ባሕሩ ላይ ነፋስ ሲነሣ በደቂቃዎች ውስጥ ተገለበጠች። 1,863 ሰው አለቀ። የዳኑት 64 ብቻ ሲሆኑ ከእነሱ ውስጥ ሴት አንዲት ናት። ታይታኒክ ሲባል ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ እሷ የበላችው ወደ 1,500 ነው። የጆላን ስም ግን ከዚያ አገር ውጭ ስንት ሰው ያውቃል?

ያ ሌሊት እኮ የመስቀል አጥቢያ ነበር። ችቦአችንን አስረን በር ላይ አቁመን፣ ሲነጋ ልንለኩስ ተኝተናል። አንቺ አዲሱን ልብሴን ካልለበስኩ አልተኛም ብለሽ እናትሽን ስታስቸግሪ ነበር። ወሬውን በሬዲዮ የሰማሁት ከቀናት በኋላ ነው። ሬዲዮውን ዘግቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

የሞላ ጀልባ ላይ እንዳትወጪ።

እሺ፣ አሁን ትንሽ በረድ ብያለሁ። ስለ ሩዙ ንገሪኝ። 31 ዓመት በልማት ጣቢያ ሠራተኝነት የኖረ ሰው ልጁ ካዛማንስ ሄዳ ስለ ዓሣና ስለ ፀሐይ መጥለቅ ስትጽፍለት ምን ይሰማዋል? እኛ ፎገራ ላይ ሩዝን ያወቅነው በእኔ ዕድሜ ነው። ውኃ የተኛበት ሜዳ ለምን ይሆናል ሲባል የኖረው መሬት ሩዝ አብቅሎ እንጀራችን ውስጥ ገባ። እነዚያ ሰዎች ግን ሩዝን ከባሕር ጋር እየተናነቁ ነው የሚያበቅሉት። ምዕራብ አፍሪካ የራሱ ሩዝ አለው፤ ከእስያው የተለየ፣ 3,000 ዓመት ገደማ የቆየ። እኛ ማሳ ላይ የዘራነው ኔሪካ የሚባለው ሩዝ ደሙ በከፊል ከዚያ ነው፤ ሴራሊዮናዊው ሞንቲ ጆንስ የአፍሪካውን ከእስያው ጋር አዳቅሎ ነው ያገኘው። ይኼን ለገበሬዎቹ ስነግር ኖሬ አገሩን ሳላየው ጡረታ ወጣሁ። አንቺ እይልኝ።

መጀመሪያ ካጃንዱን እይልኝ። ጆላዎቹ (ሕዝቡም መርከቧም ስማቸው አንድ ነው) መሬቱን የሚገለብጡበት ረጅም የእንጨት አካፋ ነው፤ ጫፉ ብቻ ብረት ነው። ያለ በሬ፣ ያን ከባድ ጭቃ ወንዶቹ በእሱ እየገለበጡ ትልም ያወጣሉ፤ ችግኙን የሚያዛውሩትና የሚያጭዱት ሴቶቹ ናቸው። አሁን ኅዳር ነው፣ አጨዳ ላይ ትደርሻለሽ። እጀታው ስንት ክንድ እንደሆነ ለኪልኝ። በዓይን ግምት አይደለም፣ በክንድሽ።

ቀጥሎ የአፈር ግድቡን። ማንግሮቭ (ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) የነበረበትን መሬት በግድብ ከባሕሩ ለይተው፣ ለዓመታት ዝናብ እያጠበው ጨዉ እስኪወጣ ይጠብቃሉ እንጂ ዛሬ መንጥረው ነገ አይዘሩም። ውኃውን ጨርሰው ቢያደርቁት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ያ ጭቃ ውስጡ ድኝ ስላለበት አየር ሲያገኘው ወደ አሲድ ይለወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሣር እንኳ አያበቅልም። ይኼን ሁሉ ያወቁት ላቦራቶሪ ሳይኖራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ዝናቡ ሲጠፋ ግን ዕውቀታቸውም አላዳናቸውም፤ ካዛማንስ ወንዝ ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር ጨዉ ከባሕሩ የሚብስበት ወንዝ ሆነ። እስቲ አስቢው፣ ወደ ላይ ሲወጡ የሚጨውስ ወንዝ! ስንቱ ማሳ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ስንቱ ማንግሮቭ ቆሞ ደረቀ።

በኋላ ሃይደር ኤል አሊ የሚባል ሰው፣ ኋላ የአካባቢ ሚኒስትር የሆነው፣ መንደርተኛውን እያስተባበረ በሚሊዮን የሚቆጠር ማንግሮቭ አስተከለ። አተካከሉ ቀላል ነው፤ ፍሬው ዛፉ ላይ እንዳለ በቅሎ እንደ ረጅም የባቄላ እሸት ይንጠለጠላል፣ እሱን ለቅመሽ ጭቃው ላይ መሰካት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ግቢና አንዱን በእጅሽ ሰክተሽ ነይ። ፎቶ ማንሣት ካለብሽ ያንን አንሺ።

ባዶ እግርሽን ግን እንዳትገቢ። የማንግሮቩ ሥሮች ላይ የሚጣበቀው ኦይስተር የሚሉት የባሕር እንስሳ ቅርፊቱ ምላጭ ነው፤ በዚያ ጭቃ የተቆረጠ እግር ቶሎ ያመረቅዛል። የታሰረ ጫማ አድርጊ። ክኒንሽን ቀን ሳትዘይ ዋጪ፣ ዝናቡ ቢያባራም ወባው ገና ነው፤ አጎበሩንም ፍራሹ ሥር ክተቺው፣ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ቢያድር ጌጥ ነው። ገንዘብ ከዚጊንቾር ሳትወጪ አውጪ፤ ዝርዝር ሴፋ ይኑርሽ፤ ትልቅ ኖት ይዘሽ መንደር ውስጥ ማንንም አታስጨንቂ። ከተረገጠ መንገድ አትውጪ፤ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ጦርነት የነበረበት አገር ነው፣ ያልተነሣ ፈንጂ ያለበት ቦታ አለ። የተከለለ ጫካቸው ውስጥም አትግቢ። የእነሱ ደብር በይው፤ ማን ይገባል ማን አይገባም እነሱ ያውቃሉ፣ ለምን ብለሽ አትከራከሪ። ሰው ስታገኚ መጀመሪያ «ካሱማይ» በይ፤ ሰላም ማለት ነው። ሰላምታ ሳትሰጪ ጥያቄ የምትጀምሪውን ነገር እኛ ለምደነዋል፣ እነሱ ምን ዕዳ አለባቸው?

ዘር ይዘሽ እንዳትመጪ። ልቤ አንድ እፍኝ ቢያይ ደስ ይለዋል፣ አልዋሽሽም። ግን በሻንጣ ተደብቆ የመጣ ዘር በሽታ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ገበሬውን ስከለክል ኖሬ ልጄ ኳራንቲን ላይ እንድትያዝ አልፈልግም።

ጊዜ ካገኘሽ ካብሩስ ድረስ ሂጂ፣ ካፕ ስኪሪንግ አጠገብ ነው። የአሊን ሲቶዬ ዲያታ አገር ነው። ፈረንሳዮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሩዛችሁን አምጡ፣ ኦቾሎኒ ዝሩ ሲሉ፣ አትስጡ ብላ ሕዝቡን ያስተባበረች ልጅ ናት። እ.ኤ.አ. በ1943 አሰሯት፤ በዓመቱ ቲምቡክቱ ላይ በግዞት ሞተች። ከአንቺ ታንስ ነበር። ጆላ ከሰመጠች በኋላ በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው መርከብ በእሷ ስም ነው የተሰየመችው። በመኪና ሂጂ። በጀልባ የሚሄድ መንገድ አለ ቢሉሽ የለም በይ።

አሁን ወደ ኋላ ያልኩትን ልንገርሽ።

አጎትሽ ጣና ላይ እንደሞተ ታውቂያለሽ። እንዴት እንደሆነ ግን ከእናትሽ በቀር የነገርኩት ሰው የለም። እኔ 22፣ እሱ 17 ዓመታችን ነበር። ማዶ የአክስታችን ልጅ ሠርግ አለ፣ ሁለታችንም ለመሄድ ወርደናል፣ አንድ እንስራ ማር ይዘናል። ባለ ጀልባው አየንና «ሞልቷል፣ ነገ ኑ» አለ። ሰውየው ልክ ነበር። እኔ ነኝ አይሆንም ያልኩት። ለአንድ ሰው ቦታ አይጠፋም፣ ማሩ ዛሬ መድረስ አለበት ብዬ ሁለት ብር በእጁ አስጨበጥኩት። እሱም ሁለት ብሩን አየ፣ ሐይቁን አየ፣ እሺ አለ። ወንድሜ ፈራ ተባ ሲል ትከሻውን ገፋ አደረግሁት።

አዲስ ሸራ ጫማ ነበረው። ጀልባው ላይ ለመውጣት ውኃው ውስጥ ስለሚገባ አወለቀና ሰጠኝ። «ነገ ስትመጣ ይዘህልኝ ና፣ እንዳይርስብኝ» አለኝ። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ እንደሚነሣ እኔ አላውቅም? አሳ አጥማጁ ሁሉ የሚያውቀውን? ጀልባው ከአፋፉ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ ጫማውን በእጄ እንደያዝኩ አየሁት። ማታ ነው የነገሩን።

ሳጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለውን ጫማ ታስታውሺዋለሽ። ስድስት ዓመትሽ ላይ አውጥተሽ አድርገሽው፣ እየጎተትሽ ግቢውን ስትዞሪበት መጣሁ። መታሁሽ። አንቺን መትቼ የማላውቀው ሰውዬ በጥፊ መታሁሽ። «ምን አጠፋሁ?» አልሽኝ፣ እኔም ሳልመልስልሽ ጫማውን ይዤ ገባሁ። ምንም አላጠፋሽም ነበር። ይቅር በይኝ።

እንግዲህ ማክሰኞ ከደሴቱ እመለሳለሁ ብለሻል። ጠዋት ተነሺ፣ ከሰዓት እስኪሆን አትቆዪ። ከመሳፈርሽ በፊት ቁሚና ቁጠሪ፣ ላይፍ ጃኬት ጠይቂ፣ ከሌለ ውረጂ። ስልክሽን በፌስታል ቋጥረሽ ኪስሽ ክተቺው። ባለ ጀልባው «ቦታ አለ» ቢልሽ ከኋላው ማን ገንዘብ እንዳስጨበጠው አታውቂም። ሞልቶ ከሆነ እዚያው እደሪ። በማግሥቱም ከሞላ እደሪ። ለማደሪያ ገንዘብ ካጠረሽ ለወንድምሽ ንገሪው፣ የበጉን ብር ሰጥቼዋለሁ።

ስትሻገሪ ፎቶ ላኪልኝ። ፊትሽን ብቻ ሳይሆን ጀልባውን ሙሉ፣ ከዳር እስከ ዳር። እኔ እቆጥራለሁ።

አባትሽ

ማስታወሻ፦ የትናንቱን ፎቶ ለእናትሽ አላሳየኋትም። አንቺም እንዳትልኪላት።