ያ ራስ ምታት ከብርዱ አይደለም

ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ያው ከወገቧ ሕመም በቀር ደኅና ናት። በስልክ የላክሽውን ረጅም መልእክት እርሷ እንድትሰማው ጮክ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። እዚያ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ፣ ስክራንተን ላይ ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ ደረሰ ስትይን በመጀመሪያ እምብዛም አልደነገጥሁም፤ ዜሮ ዲግሪማ የጮቄ ሰው ኅዳር በመጣ ቁጥር ማሳው ላይ የሚያየው ውርጭ ነው። ኋላ ግን እዚያ የሚለካው በፋራናይት መሆኑ ትዝ አለኝና 32 ቀንሼ፣ በ5 አባዝቼ፣ ለ9 ባካፍለው ከዜሮ በታች 18 ሆኖ አገኘሁት። እናትሽ ይህን ስትሰማ፣ እሳት ዳር ተቀምጣ ሳለ፣ ጋቢዋን ሳብ አድርጋ ተከናነበች።

ይሁን እንጂ እንቅልፍ የነሣኝ ብርዱ ሳይሆን በመልእክትሽ መጨረሻ እንደ ዋዛ የጻፍሻት ነገር ናት። «ጠዋት ጠዋት ራሴን ያመኛል፣ ከብርዱ ይመስለኛል፤ ሥራ ቦታ ደርሼ ትንሽ ስቆይ ይለቀኛል» ብለሻል። አብራሽ የምትኖረው ልጅም እንደዚሁ እንደሚያማት ጨምረሽ ጽፈሻል። ልጄ፣ ከብርዱ ቢሆን ኖሮ ደጅ ስትወጪ ይብስብሽ ነበር እንጂ አይለቅሽም ነበር። ቤት ውስጥ የሚይዝ፣ ከቤት ሲወጡ የሚለቅ፣ ሁለት ሰው ባንድ ጠዋት የሚያም ራስ ምታት ከምድጃው የሚመጣ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ሳትጨርሺ መስኮቶቹን ከፋፍቺ፤ ሁለታችሁም ከቤት ውጡና 911 ደውላችሁ ሁኔታውን ተናገሩ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው አየሩን በመሣሪያ ይለካሉ። ምድጃውና ጭስ ማውጫው በባለሙያ እስኪታይ ድረስ ሌላ ቦታ እደሩ። ይሉኝታ ይዞሽ «ሰው አላስቸግር» እንዳትዪ።

አሁን ምክንያቱን ልንገርሽ። ማታ ማታ ምድጃውን ከሰል ሞልተሽ፣ ሙቀቱ በከንቱ እንዳይወጣ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ገጥመሽ፣ «እንደ አያቴ ዳፍኜው እተኛለሁ» ብለሽ ጽፈሽልናል። እናትሽ ይህን ስትሰማ ደስ አላት፤ እኔ ግን ደሜ ቀዘቀዘ። አያትሽ ማታ የምትዳፍነው እፍኝ የማይሞላ ረመጥ ነበር፤ አመድ ታለብሰውና ሲነጋ ገልጣ በጭራሮ ታያይዘዋለች። ቤቷም የሣር ክዳን ስለነበረ ሌሊቱን ሁሉ በጣሪያው ይተነፍሳል፤ ጭሱ ሣሩን አጥቁሮ ይወጣል እንጂ ታፍኖ አያድርም። የአንቺ ግን ብዙ ኪሎ የድንጋይ ከሰል የሚበላ፣ ብርድ እንዳይገባ ዙሪያው በተደፈነ ቤት ሥር የተቀመጠ ምድጃ ነው። ያን እሳት ከላይ መግጠም ሌላ ነገር ነው።

ይህን የምልሽ በመምህርነቴ ብቻ አይደለም፤ በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው። እስካሁን ያልነገርሁሽ ስለማፍርበት ነበር። በ1978 ዓ.ም. ገና አዲስ መምህር ሳለሁ፣ ከጮቄ ግርጌ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቆርቆሮ ክዳን ያላት፣ ግድግዳዋ በደንብ የተመረገ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። የታኅሣሥ ሌሊት ነው፤ ውኃ በባልዲ ውስጥ ስስ በረዶ ይይዛል። ቡና ያፈላንበትን ማንደጃ፣ ከሰሉ ደኅና አድርጎ ቀልቶ ጭሱ ስለጠፋ፣ «ከእንግዲህ ምን ያደርገናል» ብለን በሁለቱ አልጋዎች መካከል አስቀመጥነው፤ በበሩ ሥር የሚገባውንም ነፋስ በጆንያ ወተፍነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ሽንት ቀስቅሶኝ ብነሣ ጉልበቴ እንደ እርጥብ ገለባ ታጠፈብኝና በሩ ላይ ወደቅሁ። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ባይሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልሽ አባት አይኖርም ነበር። ባልደረባዬን ብጠራው አይሰማም፤ እንደ ምንም እግሩን ይዤ ውርጩ ላይ ጎተትሁት። አከራያችን ጩኸቴን ሰምታ መጣችና ወተት አጠጣችን፤ እርሷ ወተቱ አዳናችሁ ትላለች፤ ያዳነን ግን አየሩ ነበር። በዚያው ሳምንት ለዘጠነኛ ክፍል ስለ ካርቦን ያልተሟላ ቃጠሎ ሰሌዳ ሙሉ ጽፌ ነበር፤ ጠመኔው ከኮቴ እጅጌ ላይ ገና አልተራገፈም።

ጋዙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ቀለምም ሽታም የለውም። ኦክሲጅን ከሚሸከመው የደም ክፍል፣ ከሂሞግሎቢን ጋር፣ ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበለጠ ጥብቀት ስለሚጣበቅ፣ አየሩ ውስጥ ጥቂት ቢሆንም ደም ውስጥ እየተከማቸ የኦክሲጅንን ቦታ ይይዛል። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ እንኳ ግማሹ ከደም እስኪለቅ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ ሥራ ቦታ ወዲያው ሳይሆን ቀስ በቀስ የሚለቅሽም ለዚህ ነው።

ምድጃሽ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። አየሩ ከታች በብረቱ ፍርግርግ በኩል ገብቶ ሥረኛውን ከሰል ያነድደዋል፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በቀላው ከሰል መካከል ሲያልፍ ተጨማሪ ካርቦን ወስዶ ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ከላይ አየርና ነበልባል ሲያገኝ በሰማያዊ ነበልባል ይነድዳል። ያችን ሰማያዊ ነበልባል ታውቂያታለሽ፤ ልጅ ሳለሽ መብራት በጠፋ ማታ ማንደጃው ላይ ስትደንስ እያየሽ «አባዬ፣ ከሰሉ አበባ አወጣ» ትዪ ነበር። አዲስ ከሰል ስትጨምሪ ሙሉውን አልብሰሽ አታጥፊያት፤ በአንድ ጥግ የቀላው ፍም ተገልጦ ይቅር። ነበልባሏ እስክትመለስ ድረስም የታችኛው በር ክፍት ሆኖ አጠገቡ ቆዪ። ነበልባሏ ሳትመለስ ትተሽ ከሄድሽ ያልነደደው ጋዝ ይጠራቀምና ኋላ ባንድ ጊዜ ሲያያዝ ፈንድቶ የምድጃውን በር ሊወረውር ይችላል። እሳቱን ለሌሊት ማቀዝቀዝ የምትፈልጊ ከሆነ የምትቀንሺው ከታች የሚገባውን አየር ነው፤ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ግን ፈጽሞ ሙሉ በሙሉ አትግጠሚው። እሳት የሚገራው ከአፉ እንጂ ከአፍንጫው አይደለም።

የእናንተ አገር ከሰል አንትራሳይት የሚባል ጠንካራ የድንጋይ ከሰል ስለሆነ ጠባዩ ከእኛ የአዊ ዲከረንስ ዛፍ ከሰል ይለያል። ቶሎ አይያያዝም፤ መጀመሪያ በደረቅ እንጨት ጠንካራ እሳት ይፈልጋል፤ ከተያያዘ በኋላ ግን ረጅም ሰዓት ይቆያል። እንደ እንጨት እሳት ከላይ መቆስቆስ አይወድም፤ ቆስቁሰሽው ጠፋብኝ ያልሽው ለዚህ ነው። ከታች ፍርግርጉን ወዝውዢው፤ ቀይ ፍንጣሪ ወደ አመዱ ሲወርድ አቁሚ። ሰዎቹ ከሰሉን በመጠኑ ሩዝ፣ አተር፣ እንቁላል እያሉ መሸጣቸው እናትሽን አስቋታል፤ ምድጃሽ የሚበላውን መጠን ግን ጠይቀሽ ግዢ። በጥቂት አየር ስንት ዘመን እንደሚቆይ ማወቅ ከፈለግሽ፣ በዚያው በፔንሲልቬንያ ሴንትራልያ በምትባል ከተማ ሥር በ1962 እ.ኤ.አ. የተያያዘው የከሰል ማዕድን እስከ ዛሬ ይነድዳል፤ ነዋሪዎቹም ይኸው ጋዝ ምድር ቤታቸው እየገባ ስላስቸገራቸው አብዛኞቹ ለቀው ሄደዋል።

ከምድጃው ወደ ጭስ ማውጫው የሚሄደው ቧንቧ በደቃቅ አመድ ይደፈናል። ማስጠረጉ የአከራይሽ ፈንታ ነው፤ በጽሑፍ ጠይቂው። የወጥ ቤቱ አየር መሳቢያ በኃይል ሲሠራ ቤቱ ጭሱን መልሶ ወደ ውስጥ ሊስብ ስለሚችል፣ እርሱን ስትከፍቺ መስኮት ገርበብ አድርጊ። አመዱን ክዳን ባለው የብረት ባልዲ ውስጥ አድርገሽ ከቤት ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፤ የቀዘቀዘ መስሎ ውስጡ ለቀናት ረመጥ ይይዛልና ካርቶን ውስጥ እንዳትጥዪው።

እዚያ ቤት ተመልሳችሁ ከማደራችሁ በፊት ግን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ግዢ፤ አንዱን መኝታ ክፍላችሁ አጠገብ፣ ሌላውን በሌላው ፎቅ ስቀዪ። የጭስ ማስጠንቀቂያ አለን ብለሽ እንዳትተዪው፤ እርሱ ይህን ጋዝ አያውቀውም። ገንዘብ አጥሮሽ እንደሆነ ንገሪኝ፤ ለቆርቆሮው ቅያሪ ካስቀመጥሁት ላይ እልክልሻለሁ፤ ጣሪያው እስከ ግንቦት ይቆያል።

መሣሪያውን የሰቀልሽ ዕለት ደውዪልንና የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ጩኸቱን በስልክ አሰሚን። እናትሽ በጆሮዬ ካልሰማሁ አላምንም ብላለች።

አባትሽ