120 የማን ምት ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ ላይ «ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነ፤ ኮምፒውተር ሙዚቃችንን ገደለው» የሚል አስተያየት አነበብኩ። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ዘፈኑ አንድ ዓይነት እየሆነ ነው። በኮምፒውተሩ ማሳበቡ ግን አልተዋጠልኝም።

እኔ ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ሙዚቃ እቀርጻለሁ፣ አቀናብራለሁ። ቀድሞ ሠርግ ላይ ኪቦርድ እጫወት ነበር። ደንበኞቼ ከመንዝም፣ ከአንኮበርም፣ ከእነዋሪም፣ ከሸዋ ሮቢትም ይመጣሉ። አዝማሪ አለ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን አሉ፤ ቲክቶክ ላይ ለመልቀቅ የቸኮለ ጎረምሳም አለ። ስለዚህ የምናገረው በየቀኑ ከማየው ነው።

ጣጣው ያለው በሙዚቃ መቅረጫና ማቀናበሪያ ፕሮግራሙ ስክሪን አናት ላይ ባሉ ሦስት ነገሮች ነው። ቴምፖ (በደቂቃ ስንት ምት እንደሚሄድ)፣ ታይም ሲግኔቸር (ምቱ ስንት ስንት እንደሚቆጠር) እና ቶን (ዘፈኑ ከየትኛው ድምፅ እንደሚነሳ)። አዲስ ፕሮጀክት ስትከፍቱ ፕሮግራሙ ቴምፖውንና ምቱን ራሱ ሞልቶ ይጠብቃችኋል። ኩቤዝ፣ ሎጂክና ኤብልተን 120 ላይ ይከፈታሉ። ልጆቻችን የሚወዱት ኤፍ ኤል ስቱዲዮ ደግሞ 130 ላይ። ምቱ 4/4 ነው፤ አራት አራት የሚቆጠር። ሀምቡርግ ወይም በርሊን ተቀምጦ ፕሮግራሙን የሠራው ሰውዬ ምንም አልበደለም። ከሆነ ቁጥር መጀመር ነበረበት። እኛ ግን ቁጥሩን ሳንነካ ማሲንቆ ጭነንበት እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ሁሉ ለምን ተመሳሰለ እንላለን።

ከምቱ ልጀምር። እስክስታ የሚወርድበት ችክችካ 6/8 ነው። ሠርግ ቤት ውስጥ የሚያጨበጭበውን ሰው እዩት። እሱ ሁለት ሁለት ይቆጥራል። ከበሮው ግን እያንዳንዱን ጭብጨባ ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ይህንን 4/4 ላይ አስቀምጣችሁ ኳንታይዝ የምትለዋን፣ ምቶችን ወደ ቅርብ መስመር የምትስበዋን፣ ስትጫኑ ፕሮግራሙ አንዱን ምት አራት ቦታ ቆርጦ ይጠብቃል። ከሦስቱ ምቶች ሁለቱ ቦታቸውን ለቀው ወደ ጎን ይገፋሉ። ዘፈኑ አይበላሽም፣ ይደነዝዛል። ጆሮ ምን እንደጎደለ አይናገርም፤ ትከሻ ግን አይወርድም።

ሌላም ወጥመድ አለ፤ ይሄኛው ብዙ ጎበዝ ልጅ ሲጥል አይቻለሁ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ቴምፖ የሚቆጥሩት በሩብ ኖታ (በ4/4 አንዱ ምት) ነው። የ6/8 ጭብጨባ ግን ሩብ ተኩል ነው። ስለዚህ በእጃችሁ አጨብጭባችሁ በደቂቃ 96 ካገኛችሁ ፕሮግራሙ ላይ የምትጽፉት 96 ሳይሆን 144 ነው። በአንድ ተኩል ማባዛት ብቻ ነው። ይህንን የማያውቅ ልጅ 96 ይጽፋል፣ ዘፈኑ ይጎተትበታል፣ «6/8 አይሠራም» ብሎ ወደ 4/4 ይመለሳል። ሉፕ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ተደጋጋሚ ምት፣ ያወርዳል። አለቀ።

ታይም ሲግኔቸር ከተቀረጸ በኋላ መቀየርም የተቀረጸውን አያድነውም። የሚለወጡት መስመሮቹና የክሊኩ (ምት እየቆጠረ የሚያንኳኳው ድምፅ) አቆጣጠር ናቸው እንጂ የተመታው ምት ከቦታው አይንቀሳቀስም። ልጆቹን ብቻ መውቀስም ይከብደኛል። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ በአንድ ፕሮጀክት መሀል ታይም ሲግኔቸር መቀየር ያስቻለው በ2018 እ.ኤ.አ. በወጣው 20ኛው እትሙ ነው። እዚህ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ የቀደመው ነው። እንዴት እንደሚዞር አትጠይቁኝ።

ወደ ቴምፖ ስመጣ አንድ የመንዝ አዝማሪ ትዝ ይሉኛል። በርኖሳቸውን ደርበው፣ ማሲንቋቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። ከእኔ በፊት ሌላ ከተማ አንድ ስቱዲዮ ገብተው «ከክሊኩ ወጡ» እየተባሉ ሲመላለሱ ውለው ኖሯል። በመጨረሻ ዘፈኑን ቆራርጠው፣ ቁርጥራጩን አስተካክለው ሰጧቸው። ሲሰሙት የራሳቸው አልመስል አላቸው። እኔም ለሙከራ ሄድፎኑን አጥልቄላቸው ክሊኩን ከፈትኩት። ትንሽ አዳመጡና አወለቁት።

«ልጄ፣ ይሄ እየቆጠረ የሚያስቸኩለኝ ሰውዬ ማነው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሰው አይደለም፣ ማሽን ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያስ እሱ እኔን ይከተል!»

ልክ ናቸው፤ መከተልም ይችላል። ክሊኩን አጠፋሁ። እንደ ልባቸው ተጫወቱ። ከዚያ ቁጭ ብዬ ቅጂውን እያዳመጥኩ፣ የእያንዳንዱ ባር (አንድ ሙሉ የምት ዙር) መጀመሪያ ላይ ምልክት አስቀመጥኩ። ፕሮግራሙ በምልክቶቹ መሀል ያለውን ፍጥነት ራሱ ያሰላል። ይህንን በአውቶማቲክ የሚሠሩም አሉ፤ ሎጂክ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው፣ ኩቤዝም አለው። ለማሲንቆ ግን አብዛኛውን ጊዜ በእጅ መሥራቱ ይሻላል፤ ማሽኑ የቀስቱን መመላለስ ከምት ጋር ያምታታዋል። ሲያልቅ ቴምፖው መስመር ሆኖ ስክሪኑ ላይ ይታያል። የጋሼ መስመር በጭብጨባ ቆጠራ 88 አካባቢ ይጀምራል። ግጥሙ ሙገሳ ላይ ሲደርስ ከፍ ይላል። ተቀባዮቹ ሲገቡ 100 ያልፋል። መጨረሻ ላይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከበሮውንና ቤዙን እዚያ መስመር ላይ ስትጭኗቸው አብረዋቸው ይሞቃሉ፣ አብረዋቸው ይበርዳሉ። «ከክሊኩ ወጡ» የተባለው ነገር ይሄው ነው።

ቀረርቶና ሽለላ ሲሆን ደግሞ መስመሩንም እተወዋለሁ። ያ ትንፋሽ ነው፣ ባር የለውም።

ቴምፖ ስትቀይሩ ሚዲው፣ በኪቦርድ የገባው፣ ይከተላችኋል፤ ኖታ እንጂ ድምፅ አይደለምና። የተቀረጸ ድምፅ ግን ካልተሳበ ወይም ካልተጨመቀ ባለበት ይቀራል። ሁለት ሦስት ቁጥር ያህል ከሆነ አይታወቅም። ከ90 ወደ 120 ልሳበው ካላችሁ ግን ማሲንቆው ውሃ አፉ ውስጥ ይዞ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

ቶን ላይ የሚሠራው ግፍ ይብሳል። ዘፋኙ ቀረጻው ካለቀ በኋላ ይመጣና «ቶኑን ሁለት ዝቅ አርጊልኝ» ወይም «ከፍ አርጊልኝ» ይላል። አንዱ ወጣት አቀናባሪ ትራኮቹን በሙሉ መርጦ ሁለት ግማሽ ቶን፣ ማለትም ኪቦርድ ላይ ሁለት ቁልፍ፣ ከፍ አደረጋቸው። ድራሙም አብሮ ወጣ። በሚዲ የድራም ኪት ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ከበሮ አለው። 36 ቁጥር ላይ ቤዝ ድራሙ፣ 38 ላይ ስኔሩ ነው የሚቀመጠው። ሁለት ከፍ ሲል ቤዝ ድራሙ ስኔር ሆኖ ቁጭ አለ። ልጁ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ገመድ ሲነቅልና ሲሰካ አመሸ። ድራም አይነካም፤ ይሄ ነው መድኃኒቱ። የተቀረጸ ድምፅ ደግሞ ሦስት ያህል ከፍ ሲል ጎልማሳው እንደ ልጅ መጮህ ይጀምራል። ቶን ከቀረጻ በፊት ይለቅ። እኔ ዘፋኙን መጀመሪያ የማዘፍነው የዘፈኑን ከፍተኛ ቦታ ነው፣ ያለ መሣሪያ። እዚያ ከተመቸው ሌላው ይመቸዋል።

በእኛ አገር አየር ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ጣርማ በር ጉም ሲለብስ፣ ደብረ ብርሃንም በክረምት እርጥብ ስትሆን፣ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል። ድምፁ ይወርዳል። ባለቤቱ ከሰል ላይ ሞቅ ሞቅ ያደርገዋል፣ ይወጣል፤ እየተጫወተ ሳለ እንደገና ይወርዳል። ኮምፒውተሩ ግን ላ የሚባለው ኖታ በሴኮንድ 440 ንዝረት ነው ብሎ ተገትሯል። እዚህ ላይ ነው ጭቅጭቅ የሚነሳው። «ማሲንቆህ ፎርሽ ነው» ይሉታል ሰውየውን። ለምን? አንድ ግማሽ ቶን 100 ሴንት አለው። ማሲንቆው 30 ሴንት ዝቅ ካለ ኪቦርዱን 30 ሴንት ዝቅ ማድረግ ነው። ማስተካከያው ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ውስጥ አለ። ኪቦርድ አይከፋውም።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው ልምጣ። ኦቶቲዩን፤ የዘፋኝን ድምፅ ወደ ኖታው የሚጎትተው ማስተካከያ። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ስኬል (የኖታዎች ድርድር) ምረጪ ይላል፣ አብዛኛው ሰው ሜጀር ብሎ ያልፋል። የዜማው ቅኝት ትዝታ ሜጀር ከሆነ ጉዳቱ ብዙም አይታወቅም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ሁሉም ሜጀር ውስጥ አሉ። አምባሰልስ? አምባሰል ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው። ሜጀር ውስጥ ሬ ፍላትም ላ ፍላትም የሉም። ማሽኑ ዘፋኟ አምባሰሏን በትክክል ስታወርድ ተሳስታለች ብሎ ሬ ፍላቷን ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ ይጎትታል። አምባሰል ሆኖ የገባው ዜማ ስም የሌለው ነገር ሆኖ ይወጣል። አንቺ ሆዬ ላይ የሚደርሰውን ባልናገር ይሻላል። መፍትሔው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ክሮማቲክ (አሥራ ሁለቱም ኖታ) ላይ አድርጋችሁ ከቅኝቱ ውጭ ያሉትን ሰባት ኖታዎች ማጥፋት ነው። አምስቱ ይቀራሉ። ለጌጥ የሚንሸራተተውን ድምፅ እንዳይቆራርጠው ደግሞ የእርማቱን ፍጥነት ዘገም ማድረግ።

ከእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። አዲስ አልበም ስትገመግሙ «ቅንብሩ ውብ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ቅኝቱን ጻፉ። ምቱን ጻፉ። ክሊክ ላይ ተቀርጾ እንደሆነ አቀናባሪውን ጠይቁት። እንደሚጠየቅ ካወቀ ያስብበታል።

በየገጠሩ ስልክና ማይክ ይዘው የአረጋውያንን ዜማ የሚቀርጹ ልጆችም ይህንን ካነበቡ፣ ክሊክ አታሰሟቸው። የፋይሉ ስም ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቅኝቱንና በጭብጨባ የለካችሁትን ፍጥነት ጻፉ። ማስተካከል ከፈለጋችሁ ኮፒው ላይ ተጫወቱ። ጥሬውን ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጡት፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ እዚህ ማንም አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን