ይድረስ ለጠፋሁብሽ ጓደኛዬ

እንዴት ከረምሽ እህት ዓለም? እማማስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ የዲሲ ኑሮ ያው ሩጫ ነው። ለመጥፋቴ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ፤ ዛሬ ስለ አንዲት ዘፋኝ ላጫውትሽ።

ሩት ብራውን ትባላለች። በ1928 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ቨርጂኒያ፣ ፖርትስመዝ ተወለደች። አባቷ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ ስለነበሩ፣ እየተደበቀች ነበር ለወታደሮች የምትዘፍነው። «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» ያልተባለች ዘፋኝ በኛስ አገር አለች እንዴ?

አንድ የባንድ መሪ እዚሁ ዲሲ አባረራት። ያኔ ብላንሽ ካሎዌይ የምትባል ሴት ክሪስታል ካቨርንስ በሚባል የምሽት ክበብ ውስጥ ሥራ ሰጠቻት። ቤቱ ዩ ስትሪትና 11ኛው መንገድ ጥግ ላይ ያለ ምድር ቤት ነበር፤ ዛሬ ሰፈሩን የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቶታል። ወሬዋ እዚያ እያለች አትላንቲክ ሪከርድስ የሚባል የሸክላ አሳታሚ ጆሮ ደረሰ። በ1948 ወደ ኒውዮርኩ አፖሎ ትያትር ስትጓዝ ግን መኪና ተጋጭቶ እግሮቿ ተሰበሩ። አትላንቲኮች ያስፈረሟት ሆስፒታል ተኝታ ነው።

በ1950 «ቲርድሮፕስ ፍሮም ማይ አይስ» የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አናት ላይ 11 ሳምንት ተቀመጠ። ድምጿ ቃሉ ሊያልቅ ሲል ሲጥ ብሎ ይሰበራል፤ እኔን የገደለችኝ እዚያች ላይ ነው። ገና ዳዴ የሚለው አትላንቲክ በሷ ዘፈኖች ገንዘብ አገኘ፤ ሰዉም «ሩት የሠራችው ቤት» አለው።

በ60ዎቹ ገበያው ዞረባት። ሎንግ አይላንድ ውስጥ የሰው ቤት እያጸዳች፣ የተማሪ አውቶቡስ እየነዳች ልጆቿን አሳደገች። ከዘፈኖቼ ሽያጭ ድርሻዬን ስትል፣ የአትላንቲክ መልስ «እንዲያውም ባለዕዳዋ አንቺ ነሽ» ዓይነት ሆነ። የስቱዲዮውም የሙዚቀኞቹም ወጪ ከዘፋኙ ድርሻ ላይ ይቆረጥ ነበራ! ደግነቱ ሃወል ቤግል የሚባል የዲሲ ጠበቃ አድናቂዋ ነበር። ሸክላዎቿን ሊያስፈርማት ሄዶ፣ ከሽያጩ ሳንቲም እንደማይደርሳት ከራሷ አፍ ሰማ። ተያይዘው ዓመታት ታገሉ። በ1988 አትላንቲክ የሷንም የሌሎች የዘመኗን ዘፋኞችም ዕዳ ሰረዘ፣ የቆየ ድርሻቸውንም ከፈለ። አርቲስቶቹን የሚረዳ ፋውንዴሽንም በዚያው ተቋቋመ። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ በብሮድዌይ ትያትር ሠርታ ቶኒ የሚባለውን ትልቁን የትያትር ሽልማት ወሰደች። 61 ዓመቷ ነበር፣ አስቢው!

በይ፣ መጀመሪያ የ1953ቱን «ማማ ሂ ትሪትስ ዩር ዶተር ሚን» ስሚ። ከዚያ ደውዪልኝ፤ ማታ ማታ ቤት ነኝ። ለእማማ ሰላምታ አድርሺልኝ።

ያንቺው ጠፊ